በመስኮቴ አየሁ

ዓቢር የመመረቂያ ጽሑፏን ርዕስ ስትመርጥ ማንንም አላማከረችም። አያቷ ዩሱፍ በቀይ ሽብር ጊዜ ከፈረስ መጋላ በሚወርደው ጠባብ መንገድ ላይ ታርደው ተገኙ፤ ገዳያቸው እስከ ዛሬ አልታወቀም። የታሪክ ተማሪ ሆና ሌላ ምን ልትጽፍ ኖሯል?

እሷንና ወንድሟን ማሒርን ያሳደጉት የአያታቸው ታናሽ ወንድም ሐጂ ሀሚድ ናቸው። ቤቱንም፣ የመጽሐፍ መጠረዣ ሱቁንም ከሟቹ የተረከቡት እሳቸው። ቁጣ የሚባል አያውቁም። ዓቢር በልጅነቷ ከሳሎኑ ግድግዳ አረንጓዴ ሰሃን አውርዳ ስትሰብር እንኳ፣ ቁጭ ብለው በቀይ ሽቦ ሰፉትና መልሰው ሰቀሉት። "በይ አሁን የአንቺ ሆነ" አሏት እየሳቁ።

ርዕሱን ስትነግራቸው ግን እንባቸው መጣ።

"ያን ምሽት ራሱ የጠረዘውን ሙስሐፍ፣ ቁርኣኑን፣ ይዞ ነበር የወጣው። ገዳዩ እሱንም ወሰደው። ሙስሐፍ ደግሞ እንደ ሌላ ዕቃ አይጣልም። ወላሂ፣ የሆነ ቤት ውስጥ ዛሬም አለ።"

ኢንተርኔቱ መጀመሪያ ምንም የረባ ነገር አልሰጣትም። አንዱ የጻፈውን አሥሩ ገልብጦታል፤ የጸሐፊ ስም የለ፣ ቀን የለ። ወር ሳይሞላ ግን አንድ አዲስ ገጽ ብቅ አለ። ሊንኩን የላኩላት ሐጂ ሀሚድ ነበሩ፤ ሱቅ የመጣ ደንበኛ አሳየኝ አሉ።

"በመስኮቴ አየሁ" ይላል ገጹ። "ዩሱፍ መጽሐፉን ደረቱ ላይ ታቅፎ ሲመጣ የአብዮት ጥበቃው እንደሻው ከኋላው አነቀው። መጀመሪያ ጎኑን ወጋው፣ ከዚያ አንገቱን። ደሙ ግድግዳውን አለበሰው። ገዳዩ መጽሐፉን ከእጁ ፈልቅቆ ወሰደ። በቅርቡ የእንደሻው ቤት ገብቼ መጽሐፉን አገኘሁት፤ ፎቶው ይኸው።"

ፎቶው ከሥሩ አለ። በቆዳ ሽፋኑ ላይ የአያቷ ማኅተም፣ በጠርዙ ላይ የጠቆረ ደም። ሐጂ ሀሚድ አይተው "እሱ ራሱ ነው፣ ያ ረቢ!" ብለው ፊታቸውን ሸፈኑ።

እንደሻው ደግሞ በሕይወት አለ። አቦከር ሰፈር ውስጥ፣ ጋቢውን ተከናንቦ በረንዳው ላይ ፀሐይ የሚሞቅ ሽማግሌ ነው።

ማሒር ገጹን አነበበና ከሱቁ የቆዳ መቁረጫውን ቢላ አመጣ። ይስለው ጀመር።

"አባ፣ ተው በሉት እንጂ!" አለች ዓቢር።

"ምን ብዬ?" አሉ ሐጂ ሀሚድ አንገታቸውን ደፍተው። "የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።"

"መምህሬን እስካሳያቸው ታገሠኝ፣ ማሒር። በአላህ!"

"እስከ ነገ" አላት፤ ቢላውን ግን አላስቀመጠም።

በማግስቱ መምህርት ለተማርያም ስልኳን ተቀብለው አነበቡ። "ጸሐፊው ማን ነው?"

"ስም የለውም። ግን ፎቶ አለው እኮ፤ መጽሐፉም የአያቴ ነው።"

"መጽሐፉ እውነተኛ ስለሆነ ወሬው እውነት ይሆናል? ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው፣ ልጄ። አየሁ የሚለው ከየት ሆኖ ነው?"

"ከመስኮቱ።"

"ሂጂና መስኮቱን እዪው። ፎቶውንም አስፊው፤ መጽሐፉን ብቻ ሳይሆን ዙሪያውንም እዪ።"

ዓቢር ወደ መንገዱ ወረደች። ግራና ቀኙ ድፍን ግንብ ነው፤ የጥንቱ ከተማ የጁገል ቤት ፊቱን ወደ ግቢው ነው የሚሰጠው። ግን አያቷ በወደቁበት ቦታ ፊት ለፊት አንድ መስኮት አለ! ልቧ ተረጋጋ። ከመስኮቱ የቤቱ ባለቤት ሀቢባ ብቅ አሉ።

"እማማ፣ ይህ መስኮት ድሮም ነበር?"

"የምን ድሮ! ባሌ ዐምና ነው ያስከፈተው። የጥንቱን ግንብ አፈረሳችሁ ብለው ስንት ጭቅጭቅ አተረፍንበት መሰለሽ! ያኔ ድፍን ነበር።"

"ታዲያ ሰው ሲገደል ማን ማየት ይችል ነበር?"

"መንገዱ ላይ የቆመ ነዋ። ሌላ ማን ይችላል?"

ዓቢር ለማሒር ደወለች፤ አያነሳም። ለሐጂ ሀሚድ ደወለች።

"ወጣ" አሏት።

"አስቁሙት፣ አባ! ገጹ ውሸት ነው!"

"የደም ነገር ነው፣ ዓቢርዬ። እኔ ሽማግሌው ምን ጉልበት አለኝ?"

በባጃጅ አቦከር ስትደርስ ጩኸቱ ሰፈሩን አናግቶታል። እንደሻው ደረጃው ላይ ወድቀዋል፤ አንገታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ደሙ በጣቶቻቸው መሃል ይንፎለፎላል። ነጩ ጋቢ ቀይ ሆኗል። ማሒርን ጎረቤቱ በዱላና በድንጋይ እየቀጠቀጠው ነው፤ አንድ ዓይኑ ጠፍቶ፣ ጥርሱ ረግፎ "አያቴን! አያቴን!" ይላል። ፖሊሶች ከሰዉ እጅ ፈልቅቀው ጫኑት። ሽማግሌው ሆስፒታል አልደረሱም። ሲወጉ "የማን ልጅ ነህ፣ ልጄ?" ከማለት በቀር የተናገሩት የለም አሉ ጎረቤቶቹ።

ዓቢር ቤቷ ገባች። ሐጂ ሀሚድ ከዘወትር ቦታቸው ተቀምጠው የሙሰበሓ መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። ፊት ለፊታቸው ዘፍ አለች።

"ሰውየው ባይሆኑስ፣ አባ? ማሒር ንጹሕ ሰው ገድሎ ቢሆንስ?"

"አሁን ማን ያውቃል? የሚያውቀው ሞተ። አንቺም ጽሑፉን ተዪው፣ ልጄ፤ ይብቃን።"

መምህሯ ያሏት ትዝ ብሏት ስልኳን አወጣች፤ ፎቶውን በሁለት ጣቷ አሰፋችው። ሙስሐፉ ወደ ጎን ሸሸ። ከጀርባው ግድግዳ መጣ፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ የአንድ ሰሃን ግማሽ መጣ።

አረንጓዴ ነው፤ በቀይ ሽቦ ተሰፍቷል።