ስርዝ ድልዝ

የባዮሎጂ መምህሯ ወሰንየለሽ ጽፋ ጨርሳለች። «ባዮሎጂ» በሚለው መስመር ላይ የፈተና ጥያቄና መልስ የሚደረድረውን ድረ ገጽ ስም አስፍራ ወረቀቱን ልታጥፈው ስትል ማኅሌት እጇን ያዘቻት። ቅጹ «ሁለት ድረ ገጾች አወዳድራችሁ አንዱን ምረጡ» ይላል፤ የኮምፒውተር መምህሯ ማኅሌት ደግሞ ቅጽ ያዘዘውን ሁሉ የምትፈጽም ልጅ ናት።

«እንዲያው ለወጉ ያህል ቲቸር፣ ይቺንም ይዩዋት» አለቻት።

ወሰንየለሽ ሰዓቷን አየች። ቅጾቹን ወደ አምቦ የሚወስደው መኪና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይነሣል። እዚያ ያሉት የትምህርት መምሪያ ሰዎች ለአንድ ትምህርት አንድ ድረ ገጽ ብቻ በሃርድ ዲስክ ገልብጠው ይልኩላቸዋል፤ ጎጆ ከተማ ላይ ኔትወርክ እንደ ክረምት ፀሐይ ብቅ ብሎ ስለሚጠፋ ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ የሚያዩት ያንኑ አንዱን ነው። አምና ደግሞ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ከተፈተኑት ያለፉት ሁለት ብቻ ናቸው። ርዕሰ መምህሩ ኦቦ ፈየራ ዛሬ ጠዋት ሰልፍ ላይ ሳይቀር «ጥያቄ ነው የሚያስፈልገን፣ ጥያቄ» ሲሉ ነው ያረፈዱት። እሷም ልቧ ከእሳቸው ጋር ነው።

ማኅሌት ስልኳን መስኮቱ ላይ ሰቅላ ኔትወርክ ለመነች። ገጹ ኮምፒውተሩ ላይ እየተንፏቀቀ ተከፈተ። የውሃ ሣር ቅጠል ነው፣ በማይክሮስኮፕ የታየ፤ እንደ ጡብ የተደረደሩ ሣጥኖች፣ በየሣጥኑ አረንጓዴ ነጠብጣብ።

ወሰንየለሽ ፈገግ አለች። ይሄንንማ ዓይኗን ጨፍና ትስለዋለች፤ ሃያ አንድ ዓመት ጠመኔ ጨርሳበታለች። እርግጥ በዓይኗ አይታው አታውቅም። ኮሌጅ ሳለች ለአርባ ተማሪ አንድ ማይክሮስኮፕ ነበር፤ ተራዋ ሊደርስ ሁለት ሰው ሲቀር መብራት ሄደ። የዚህ ትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ ሌንስ ደግሞ የጠፋው እሷ ከአዲስ ዓለም ተመድባ ሳትመጣ ነው።

ከዚያ ነጠብጣቦቹ ሄዱ።

አንዱ ተነሣ፤ ሌላው ተከተለው። በሣጥኑ ግድግዳ ጥግ ጥጉን ተራ ይዘው መዞር ጀመሩ። ማንም አይገፋቸውም፣ ማንም አይነዳቸውም። አንዱ ማዕዘኑ ላይ ይዘገያል፣ የኋለኛው ይደርስበታል፣ አብረው ይታጠፋሉ። በሁሉም ሣጥን ውስጥ እንዲሁ ነው። ወሰንየለሽ አፏን በሻርፗ ሸፈነች፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ካልሆነ በቀር እንዲህ አድርጋ አታውቅም።

ባለፈው ወር ሃቦኔ የምትባል የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዋ እጇን አውጥታ፣ ህዋስ ሕይወት አለው ካሉን ለምን ዝም ብሎ ይቀመጣል ብላ ጠይቃት ነበር። እሷም ይሄ ለፈተና አይመጣም ብላ አስቀመጠቻት። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ደብተሯ ላይ ነጠብጣቦቿን በየቦታቸው ስትተክል አሁን ፊቷ ላይ ድቅን አለች።

«ህዋሱ ይንቀሳቀሳል» አለች ጮክ ብላ።

ኦቦ ፈየራ ቅጾቹን ሊሰበስቡ በሩ ላይ የደረሱት ይሄኔ ነው። ቀድሞ የመምህራኑ የፓርቲ ህዋስ ሰብሳቢ ነበሩና፣ ቃሉ ጆሯቸው ሲገባ ዞር ብለው ኮሪደሩን ቃኙ፤ በሩንም ቀስ አድርገው ዘጉት።

«የቱ ህዋስ ነው የሚንቀሳቀሰው?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ማኅሌት ሳቋን ለመደበቅ ኪቦርዱ ላይ አጎነበሰች። ወሰንየለሽ ግን አልሳቀችም፤ ወንበር ሳበችላቸው።

መነጽራቸውን አጠለቁ። አንዱን ነጠብጣብ መርጠው ሙሉ ዙር እስኪዞር በዓይናቸው ተከተሉት። «ዱጋ?» አሉ፤ እውነት ነው ወይስ ካርቱን? እውነት መሆኑን ማኅሌት ነገረቻቸው። ያደጉት ድንች ሲኮተኩቱ ነውና ወዲያው ወደ መስኮቱ፣ ወደ ትምህርት ቤቱ የድንች ማሳ ጠቆሙ።

«የዚያ ቅጠልም ውስጥ እንዲህ ነው?»

«የዚያም» አለች ወሰንየለሽ።

«ያ ዋቃ» አሉ ለራሳቸው፣ አምላካቸውን ጠርተው። ወደ ስክሪኑ ተመልሰው፣ «ታዲያ ሞተሩ የታለ?»

ወሰንየለሽ አፏን ከፈተች። ሃያ አንድ ዓመት ለጥያቄ መልስ አጥታ አታውቅም፤ ባይኖራትም «ለፈተና አይመጣም» ነበራት።

«አላውቅም» አለች። ደስ አላት፤ ለምን እንደሆነ ግን አልገባትም።

እስክሪብቶዋን አንሥታ የጻፈችውን ሰረዘችና ከበላዩ የዚህኛውን ድረ ገጽ ስም ጻፈች። ስርዝ ድልዝ ያለበት ቅጽ ደግሞ ኃላፊው ከጎኑ ካልፈረመበት ተቀባይነት የለውም። ይሄን ከኦቦ ፈየራ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ በአንድ ፊደል ስርዝ የስንት መምህር የዝውውር ማመልከቻ መልሰዋል። ወረቀቱን አስጠጋችላቸው።

«ፈተናውስ?» አሉ።

«ጥያቄውን እኔ በጠመኔ እጽፍላቸዋለሁ። ይሄን ግን መሳል አልችልም ኦቦ ፈየራ። ሞክሬው ነበር።»

ውጭ መኪናው ጥሩምባውን ነፋ። ኦቦ ፈየራ እስክሪብቶ አወጡ፤ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳያነሡ ስለፈረሙ ፊርማቸው ከመስመሩ ወጥቶ ሽቅብ ሄደ። ቅጾቹን ሰብስበው በሩ ድረስ ሄዱና አንዴ ዞረው አይተው ወጡ።

ወዲያው ኔትወርኩ ጠፋ። ነጠብጣቦቹ ባሉበት ቆሙ፤ ስክሪኑ ላይ የቀረው ሃያ አንድ ዓመት የሳለችው ሥዕል ነው።

ወሰንየለሽ ወደ መስኮቱ ሄደች። ዝናቡ አባርቷል፣ ነፋስ የለም። የድንቹ ቅጠሎች ምንም እንደማያውቁ ሆነው ጸጥ ብለው ቆመዋል። አላመነቻቸውም።