በሁለቱ ብረቶች መካከል

ትንሿ አሮጌ ትራክተር ለሦስተኛ ጊዜ አልነሳም ስትል፣ ይታየው መካኒኩን ሰማኸኝን ከንፋስ መውጫ አስጠራው። ሰማኸኝ አርብ ገበያ ከተማ ላይ ከሚኒባስ ወርዶ፣ መፍቻዎቹን በጆንያ ተሸክሞ፣ ከሰዓት በኋላ በእግሩ ይታየው ግቢ ደረሰ። ዕለቱ ሰኔ ሃያ ነበር። የጎረቤቱ ማሳ ሁሉ ታርሶ ገብስ ሲጠብቅ፣ የይታየው ብቻ ጦሙን አድሯል።

«ይኼ ሳምንት ካመለጠኝ ዘንድሮ ከቤቴ እህል የለም» አለ ይታየው። ትከሻው ላይ ክላሽ አንግቷል። ባለፈው ጊዜ አላነገተም ነበር።

ሰማኸኝ ትራክተሯን የሸፈነውን ሸራ ገለጠ። እሳት ሰጪዋን ካንዴላ ፈትቶ ከሞተሩ ብረት ጋር አስነካና ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ዞረ፤ ብልጭታ ግን የለም። ባትሪው ደህና ነው። ቤንዚኑ ይወርዳል። ሽቦው አልተቆረጠም።

የይታየው እናት፣ ወይዘሮ ሰርኬ፣ ከደጃፉ ቆመው ያያሉ። ሚያዝያ ላይ መጀመሪያ ሲጠግናት ግን ከአጠገቡ አልተለዩም ነበር። «የዚችስ ነፍሷ የቱ ጋ ነው ልጄ?» ብለው ቢጠይቁት፣ ብዙ የማያወራው ሰማኸኝ እንኳ ፈገግ ብሎ አሳይቷቸዋል። በጎኗ በአንዲት ብሎን የታሰረች የቆርቆሮ ክዳን አለች፤ ከሥሯ ሁለት ትንንሽ ብረቶች። «እነዚህ ሲነካኩና ሲለያዩ ነው እሳቱ የሚመጣው እማማ። ካልተነካኩ ሬሳ ናት።»

አሁን ወደ ይታየው ዞረ። «መቼ ቆመች?»

«ባለፈው ሚካኤል። ከዚያ በፊት በግንቦት ማርያም፤ ያኔ በማግስቱ ራሷ ተነሳች፣ አሁን ግን እምቢ አለች። በሥራ ቀን ለሰው ሳርስ አንድም ቀን አታስቸግረኝም። የራሴን የማርሰው በበዓል ነው፤ ያኔ ትሞትብኛለች።»

«በበዓል ታርሳለህ?»

«በሬ ጠመድኩ? ጅራፍ አጮህኩ? ብረት ምን በዓል አለው ጋሽ ሰማኸኝ!» ብሎ ሳቀ።

እናቱ ወደ ውስጥ ገቡ።

ይታየው ማዶ ያለውን ግቢ በአገጩ አመለከተ። ከአጥሩ ጥግ የንብ ቀፎዎች ተደርድረዋል። «ጎረቤቴ አበጀ ነው የሚያበላሽብኝ። አምና በረዶ ገብሱን ሲመታበት፣ በበዓል እያረስክ መዓት አመጣህብን ብሎ በሰው ፊት ዝቶብኛል። ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድበትን ቀን መርጦ ይገባል። ያጣሁት ማስረጃ ብቻ ነው።»

ሰማኸኝ ብሎኗን ሊፈታ ሲጎነብስ ራሷ ላይ ጭረት አየ። የመፍቻ አይደለም፤ የቢላዋ ነው። ክዳኗን አነሳ። በሁለቱ ብረቶች መካከል ብጫ ነገር ተለስኗል። በጥፍሩ ፋቀው።

ሰም ነበር።

ከጆንያው ጨርቅ አወጣ።

ልጅ ሳለ፣ ስማዳ፣ የአጎቱ በሬ ተሰርቆ ነበር። ማን እንደነዳው ዘመዶቹ ጠየቁት። በጋቢው ጥለት ለይቶ ስም ጠራ። ፋሲካ ሳይደርስ ሁለት ሰው ተቀበረ። ጋቢው በእርግጥም የሰውየው ነበር፤ ያን ዕለት የለበሰው ግን ሌላ ሰው ነው። ሰማኸኝ በአሥራ ሁለት ዓመቱ ደብረ ታቦር ገባ። ጭነት መኪና ሥር እየተኛ፣ በመፍቻ እየተመታ ሥራ ተማረ። ዝም ማለትን ግን ይዞት ነበር የገባው።

«እርጥበት ነው» አለ፣ ብረቶቹን በጨርቅ እየጠረገ።

ይታየው ጨርቁን ነጠቀውና ወደ አፍንጫው አስጠጋ። «እርጥበት ማር ማር ይሸታል እንዴ?»

«ሰም ከየትም ይመጣል።»

«በዚህ ሰፈር ንብ ያለው አንድ ሰው ነው።»

ካንዴላው ገባ፤ ክዳኗም ተመልሳ ታሰረች። ሞተሩ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳ። ይታየው ወዲያው አጠፋው፤ ሸራውንም መልሶ አለበሰው። በዚህ መሃል ወይዘሮ ሰርኬ ጋቢ ደርበው፣ ዘንጋቸውን ይዘው ወጡ። ነገ ማርያም ናትና ለዋዜማ ነው።

ይታየው እናቱ እስኪርቁ ጠበቀ። «እማዬ ከዋዜማው መልስ እህቴ ቤት ታድራለች። አበጀ ግቢው ባዶ መስሎት ይመጣል። እኔ ጋጣው ውስጥ ነኝ። ያችን ሸራ የሚያነሳ እጅ ወደ ቤቱ አይመለስም።»

«ተው አንተ ልጅ። ሰው መስሎህ ሌላ ሰው ይሆናል።»

«እርስዎ ብረትዎን ይጠግኑ ጋሼ።»

ሰማኸኝ ጆንያውን አነሳ። ወደ መኪናው መንገድ ግን አልሄደም። በጉብታው ሥር ዞሮ፣ ወንዟን ተሻግሮ፣ ወደ አበጀ ግቢ ወጣ። ፀሐይ ልትጠልቅ ጥቂት ቀርቷት ነበር፤ ከገደሉ ጉም ይወጣል።

አበጀ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ማረሻውን ይሞርዳል።

«ዛሬ ማዶ እንዳይሻገሩ» አለው ሰማኸኝ፣ ቆሞ። «መሣሪያ ይዞ እየጠበቀዎት ነው።»

አበጀ ቀና አላለም። «ከዚያ ብረት አጠገብ ደርሼ አላውቅም። የበረዶውን ነገር ለእግዜር ሰጥቼዋለሁ።»

«ከውስጡ ሰም ወጥቷል። ንብ ያለዎት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

«ሰም?» አበጀ ሞረዱን አስቀመጠ። ማሰብ ጀመረ።

ማዶ፣ ጉሙ ለአፍታ ገለጥ አለ። ጋቢ የተከናነበ ሰው በአጥሩ ክፍተት ጎንበስ ብሎ ወደ ይታየው ግቢ ገባ። ሰማኸኝ ዞሮ አበጀን አየ። አበጀ እዚሁ እፊቱ ተቀምጧል። ጋቢው ወደ ሸራው ተጠጋ።

«ሰሙንማ» አለ አበጀ፣ «ለጧፍ እያሉ ጠብታ ሳያስቀሩ የሚወስዱብኝ እናቱ ናቸው።»