የጋረደው ጉራ

ጋረደው ስለ ሰሊጥ አጨዳ ሲያወራ የዶካ እርሻ ሁሉ ተነሥቶ የሚያጨበጭብለት ይመስል ነበር። «ዶክቶራ፣ የእኔን ያህል ነዶ የሚያስር ሰው አልነበረም። የእርሻው ወኪል ራሱ ቆሞ ያየኝ ነበር» አለ። ሱዳን፣ ገዳሪፍ ላይ ጭንቀት ያደረባቸውን ስደተኞች የምታማክረው ፈቲያ እንደ አገሯ ሰው ቆጥራው ሳቅ አለችና «አንተ ጉረኛ፣ እሱን ተወውና እንቅልፍ እንዴት ነው?» አለችው።

ፊቱ እንደ አርብ ሱቅ ተዘጋ። «ኩሉ ተማም፣ ሁሉም ደህና ነው» ብሎ ተነሣና ወደ በሩ ሄደ። ፈቲያ ክው አለች። ከእሷ በፊት ሁለት አማካሪዎችን እንዲሁ ጥሎ የወጣ ሰው ነበር፤ ዛሬም ከወጣ አይመለስም። ሦስት ሳምንት አንገቱን ደፍቶ ሲመላለስ ከርሞ ገና ዛሬ ቀና ቢል፣ የተደገፈውን ምርኩዝ በቀልድ ነጠቀችው። ያውም ይህን አታድርጊ ተብላ ዓመት ሙሉ ተምራ።

«ጋረደው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለችው። «ጉብዝናህን ስታሳየኝ አሾፍኩብህ። ከፋህ አይደል?»

በሩን ለቀቀው። ከዚያ ተመልሶ ተቀመጠና ሁለት እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋላት።

«ከዶካ ስንወጣ መንገድ ላይ ሽፍቶች ከያዙን ወዲህ ጣቶቼ ማጭድ አይጨብጡልኝም» አለ። «ለሰው ስናገር ገና ዛሬ ነው።»