የኋላ ወንበር

ጨርቅ ነጋዴዋን ወርቄን አየር ጤና ፌርማታው ላይ ስልኳን የነጠቃት ሰውዬ ሩቅ አልሄደም። መንገደኞች አሯሩጠው ያዙት፤ ስልኳን አስመለሱላት፤ ግንባሩንም ፈነከቱት። ፖሊሱ የደረሰው በትንሽ የቤት መኪና ነበር፤ የኋላ ወንበሩ ላይ የሕፃን መቀመጫ ታስሯል።

«የመንግሥት ነው የራስህ፣ ልጄ?» አለችው።

«የራሴ ነው፣ እትዬ። ለኛ ለፖሊሶች ቀረጡን ቀነሱልንና ገዛን፤ አሁን ሥራም የምንወጣው በሱ ነው።»

በሩን ከፍቶ አንዴ የሚንጠባጠበውን ደም፣ አንዴ ንጹሑን የጨርቅ ወንበር አየ። የመንግሥት መኪና ቢሆን መቼ ያመነታ ነበር? ወርቄ ምን ሊያደርግ ይሆን ብላ ትክ ብላ ተመለከተችው። ፖሊሱ የሕፃኑን መቀመጫ ፈትቶ ፊት ወንበር ላይ አኖረና ሰውዬውን ደግፎ አስገባው።

«መጀመሪያ ሆስፒታል» አለ ወደ ተሰበሰበው ሰው ዞሮ። «እኔ እነዳለሁ። ደሙን ማን ይያዝለት?»

ሲያሯሩጡ የነበሩት ሁሉ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ወርቄም ማን ይወጣ ይሆን ብላ ዙሪያዋን ስትቃኝ፣ ሁሉም የሚያየው እሷን ነበር።

ሻሿን ከራሷ ላይ ፈታች።

«ጠጋ በል» አለችው ሌባውን።