ሁለት ማይክ

ሔራን ባሕር ማዶ፣ ዴንተን ከተማ ባለው ቤቷ ጋራዥ ውስጥ ሁለት ማይክ አቁማ የዘፈን አጋሯን ኢዩን ጠበቀችው። ድሮ ጉንጭ ለጉንጭ ገጥመው በአንድ ማይክ ነበር የሚዘፍኑት። ከዓመታት መለያየት በኋላ የሚሠሩት አዲሱ አልበም የሚከፈተው ለሟች እናቷ በጻፈችው ዘፈን ነበር።

«ሶ፣ ሬኮርድ እናድርግ?» አላት ኢዩ።

«ለቅሶዋን ሳትደርስ ዘፈኗን ልትዘፍን?»

«ቱር ላይ ነበርኩ እኮ። ቴክስት አድርጌልሻለሁ።»

«አዎ፣ ከነኢሞጂው።»

ኢዩ ወደ በሩ ሄደ። ጥሏት የሚወጣ መስሏት የማይኩን ገመድ መጠቅለል ጀመረች። እሱ ግን ኮፍያውን አውልቆ እዚያው በሩ ሥር፣ ሲሚንቶው ላይ፣ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለ።

ሔራን የራሷን ማይክ አጠፋች፤ የእሱን አምጥታ እስከ አፉ ዝቅ አደረገችና ጉንጯን አስጠግታ አጠገቡ ተቀመጠች።