የጎደለው የመጨረሻ ገጽ

እስቲ ጠጋ በሉ ልጆቼ፣ አንዲት ነገር ላውጋችሁ። አንዲት ልብስ ሰፊ ለማታ ትምህርቷ የቃል ፈተና መምህሯ ፊት ቆማ፣ የተውኔት መጽሐፏን ደረቷ ላይ ለጥፋ ይዛለች። ልጇ የመጨረሻውን ገጽ ገንጥላ የወረቀት ጀልባ ሠርታበታለች። እናትየው ፈተናውን ሁለቴ ወድቃለች፤ ዘንድሮም ከወደቀች ትምህርቱ ቀረ ማለት ነው።

«ይህ አስቂኝ ተውኔት ለምን በሠርግ አለቀ?» አሏት።

«በማግስቱ የሳህን ክምር አለ ጋሼ፤ እሱ አያስቅም። ደራሲው ብልጥ ነው፣ እንግዳው ሳይበተን መጋረጃውን ዘጋ።»

መምህሩ መነጽራቸውን እስኪያወልቁ ሳቁ። «መጨረሻውን በደንብ አንብበሽዋል።»

«ገጹ እኮ የለም ጋሼ» አለች፣ መጽሐፉን ገልጣ እያሳየች። «ልጄ ጀልባ አድርጋዋለች።»

መምህሩ የተገነጠለበትን ቦታ አዩ። ከዚያ የራሳቸውን መጽሐፍ ዘረጉላት። «እንኪ፣ ሠርጉ እንዳያመልጥሽ። አልፈሻል።»

ያን ጊዜ ገና በረጅሙ ተነፈሰች። እናንተም ልጆቼ፣ ገጽ ሲጎድልባችሁ እሷን አስታውሱልኝ።