ለሁለት ሰው የሚበቃ አየር

የደጁ አየር ሳንባ የሚያቃጥል ከሆነ ወዲህ፣ ትብለጥ ቤት በቧንቧ የሚገባው የሁለት ሰው አየር ነበር። የባሏ የደምስ እናት ከገጠር መጥተው ከመጋረጃው ጀርባ መተኛት ሲጀምሩ ግን ያንኑ ለሦስት ይካፈሉት ጀመር። አየሩ ሲሳሳ ቀድሞ የሚያውቀው የትብለጥ ራስ ነው። ማይግሬኗ ይነሳል፤ ዓይኗ ላይ የተሰበረ መስታወት ይብለጨለጫል፤ ግማሽ ራሷ ሊፈነዳ ይደርሳል።

ትናንት አማቷ እማማ የሺመቤት እርጥብ ጨርቅ ግንባሯ ላይ እያሰሩላት፣ «ልጄ፣ እኔ ስመጣ ነው አይደል የባሰብሽ?» አሏት።

«ኧረ እማማ፣ የቆየ በሽታዬ ነው። እርስዎ ምን አደረጉ?» አለች። መዋሸቷን ሁለቱም አውቀውታል።

ዛሬ ጠዋት ባልና ሚስት ቁርስ ላይ ሳሉ ሕመሙ ድንገት ለቀቃት። የሚብለጨለጨው ጠፋ፤ የሻዩ ሽታ እንኳ ጣፈጣት። በረጅሙ ተነፈሰችና፣ «እፎይ፣ ተመስገን» አለች።

«ተሻለሽ?» አለ ደምስ ፈገግ ብሎ።

ትብለጥ የሻይ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። የእሱም ፈገግታ ፊቱ ላይ ደረቀ። ሁለቱም ቀስ ብለው ወደ መጋረጃው ዞሩ። ሌሊቱን ሙሉ ሲያስል ያደረው የእማማ ደረት ዝም ብሏል። አየሩ እንደ ልብ ነበር።